ፊሌቶውን ተዉትና ዓሣውን አሳዩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን በምግብ ገጻችሁ ላይ ስለ ዓሣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሰው ዓሣ ይብላ ማለታችሁ ደግ ነው። አንዱ ምክራችሁ ግን አላስቀምጠኝ አለ። ለቤት የሚሻለው ፊሌቶ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እሾህ የለውም፣ ሽታ ቢኖረው እንኳ በሎሚ ይጠፋል የምትሉት ነገር ነው። ይህን የጻፈው ሰው ዓሣ ሲበላ እንጂ ሲወጣ አይቶ እንደማያውቅ ገባኝ። አልፈርድበትም፤ አዲስ አበባ ላይ ዓሣ ማለት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ነጭ ቁራጭ ነው።

እኔ ዕድሜዬን ጀልባ ላይ የጨረስኩ፣ አሁን ወገቤ እምቢ ሲለኝ ከባለቤቴ ጋር አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ እየጠበስኩ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከመረቡም ከመጥበሻውም ወገን ስለሆንኩ ልናገር፦ ፊሌቶ አትግዙ። ሙሉውን ዓሣ፣ ከነራሱ ከነጅራቱ ግዙ።

ሐይቃችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትንሽ ከሚባሉት ነው። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና የእንጨት ጀልባ ያንገላታል፤ ስለዚህ ሥራችን የማታና የንጋት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ሆነን እንወጣለን። አንዱ ይቀዝፋል፣ ሌላው መረቡን ከጀልባዋ ኋላ ሆኖ ቀስ እያለ ይለቃል። በላይኛው ገመድ ላይ ቡሽ ወይም የአሮጌ ነጠላ ጫማ ቁራጭ፣ በታችኛው ላይ ድንጋይ ይታሰርበታል፤ መረቡ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጫፉ ላይ ባዶ ጀሪካን ለምልክት ይንሳፈፋል። እንዲህ ሆኖ ያድርና ጎህ ሲቀድ እንመለሳለን።

የንጋቱ ሥራ የጣት ሥራ ነው። ገመዱን እየሳቡ፣ ዓሣውን ከመረቡ ዓይን አንድ በአንድ መፍታት። ቆሮሶ፣ እናንተ ቲላፒያ የምትሉት፣ ጀርባው ላይ የተደረደረ እሾህ አለው፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ሲወጋው ወዲያው አይታወቀውም፣ ቤት ገብቶ እሳት ሲሞቅ ነው የሚያቃጥለው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ያሟልጫል፤ ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት አየር እየሳበ ስለሚቆይ የሞተ መስሎህ ረስተኸው እግርህ ሥር ይገላበጣል። ፊላው በበዛበት ዳርቻ ደግሞ ጉማሬ አለ። እዚያ ማንም አይዘፍንም፣ ማንም አያወራም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ይቆፍራል፣ እሷ እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። ሁለት ሳምንት ያህል አፏን ዘግታ፣ ምግብ ሳትቀምስ ይዛው ትዞራለች። ከተፈለፈሉ በኋላም ጫጩቶቹ አደጋ ሲሰማቸው ተሽቀዳድመው ወደ አፏ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለችው መረብ ይዟት ጀልባ ላይ ስትወጣ አፏን ትከፍታለች፤ ከማሽላ ፍሬ ያነሱ ብጫ እንቁላሎች ወለሉ ላይ ዝርግፍ ይላሉ። መቅዘፍ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ይህን ሲያዩ ከጀልባዋ ወለል ውሃውን ከነእንቁላሉ በጣሳ እየጨለፉ ወደ ሐይቁ ይመልሱ ነበር። «ጋሼ፣ አይድንም እኮ» ስላቸው «አንተ ቅዘፍ» ይሉኝ ነበር።

ይህ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይታያል፤ የሚበረታው ግን ከጥር እስከ መጋቢትና እንደገና በክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። አስተውሉ፦ አንደኛው ከዐቢይ ጾም ጋር፣ ሁለተኛው ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ እኔ የማውቀው በጾም ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና እንደሚበዛ ነው። ገዢው የሚበዛው እናቲቱ አፏን ዘግታ ዳርቻ ዳርቻውን በምትዞርበት ወቅት መሆኑ ነው ጣጣው። ተጎታች መረብ ይዘው ዳርቻውን የሚጠርጉትም በዚያው ሰሞን ይበረታሉ። ተጎታች መረብ ዓሣውንም ጎጆውንም አንድ ላይ ነው የሚወስደው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ሌሊት ሐይቅ ላይ ማን ማንን ያያል? ዓይኑ የጠበበ፣ ከስስ የላስቲክ ክር የተሠራ ርካሽ መረብ ገበያውን ሞልቶታል። ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ሁሉን ይይዛል፣ ተበጥሶ ከጠፋም አይበሰብስምና ባለቤት ሳይኖረው ሲገድል ይከርማል። ጠባቂ ቢቀጠር ደስ ይለኛል፤ ግን ጠባቂው ከመድረሱ በፊት አንድ የተሻለ ጠባቂ አለ፤ እሱም ገዢው ነው። ገዢው ደግሞ ዓይኑን በፊሌቶ ተሸፍኗል።

እንዴት ብትሉ፣ ወደብ ላይ መጥታችሁ ፊሌቶ የሚያወጡትን ልጆች እጅ እዩ። ቢላዋ ከራሱ ኋላ ይገባል፣ በአከርካሪው ላይ ይንሸራተታል፣ ሥጋው ይነሣል፣ ይገለበጣል፣ ቆዳው ይገፈፋል። አንድ ዓሣ ለመጨረስ ደቂቃ አይፈጅባቸውም፤ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ከኋላቸው ተሰልፈው ራስና አጥንቱን ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ጎድጓዳው ሳህን ላይ የሚታየው ነጭ ሥጋ ብቻ ነው። የስንት ዓሣ ሥጋ ነው? ምን ያህል የሚረዝም ዓሣ? ማንም አያውቅም። ከቆሮሶ በፊሌቶ የሚወጣው ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ማለት ሦስት ኪሎ ገደማ ሙሉ ዓሣ ማለት ነው። ሦስት ኪሎው ከትልልቅ ዓሣ ከሆነ አምስት ስድስት ራስ ነው። መቶ ሃምሳ መቶ ሃምሳ ግራም ከሚመዝኑት ከሆነ ግን ሃያ ነው። ሃያ! አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልዱ የወጡ ሃያ ዓሦች በአንድ ጉላሽ። ሙሉውን ብታዩት ኖሮ «ይሄማ ስንዝር አይሞላም» ብላችሁ ትመልሱት ነበር። ተቆርጦ ሲመጣ ግን ስንዝሩ የት አለ?

እኛ ጋ መጥታ አንዲት እናት «ትንሿን ስጠኝ፣ ለልጄ ናት» ስትለኝ ትንሽ የለኝም እላታለሁ። መጀመሪያ ትቆጣለች። ትልቁን ለሁለት ሰንጥቄ ስሰጣት ትስቃለች።

ሌላው ፊሌቶ የሚደብቀው ዘሩን ነው። ከሐይቃችን ለገበያ የሚወጡት በዋናነት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ሰው የሚፈልገው ቆሮሶ ነው፣ ዋጋውም ይበልጣል። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ሆቴል ውስጥ የቤተ ዘመድ ግብዣ ነበረንና «የቆሮሶ ጉላሽ» ተብሎ ቀረበልን። የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ እህቴ አፏን ይዛ ዝም አለች፤ ከድዷ ውስጥ ሁለት ቅርንጫፍ ያላት ስስ እሾህ አወጣን። ቆሮሶ ፊሌቶው በደንብ ከወጣ በሥጋው መካከል እንዲህ ያለ እሾህ የለውም። ሹል ሹል፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው እሾህ የቢልጫ ነው። አስተናጋጁን ጠርቼ «ልጄ፣ ይህ ቆሮሶ አይደለም» ብለው «ጋሼ፣ ዓሣ ዓሣ ነው» አለኝ።

ዓሣ ዓሣ አይደለም። ቢልጫን አልጠላም፣ ጥሩ ወጥ ይወጣዋል። ግን ትልልቁ ቢልጫ ሌሎች ዓሦችን እያሳደደ የሚበላ ነው፤ ተመራማሪዎችም በሐዋሳ ሐይቅ ትልልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ ሜርኩሪ ከሚፈቀደው በላይ ማግኘታቸውን ከጻፉ ቆይተዋል። ቆሮሶ ግን በአብዛኛው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን አረንጓዴ ስለሚበላ ከሜርኩሪው የሚደርሰው ጥቂት ነው። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ምን እንደሚበሉ ማወቅ አለባቸው። ሙሉ ዓሣ ላይ ስሙ ተጽፎ አይደለም የሚመጣው፣ ግን መልኩን አይቶ የሚሳሳት የለም።

ስለ ሽታው ደግሞ ይህን ልበል። በሎሚ የሚጠፋ ሽታ ካለ ችግሩ ሎሚ ማጣት አይደለም። ዛሬ ንጋት የወጣ ዓሣ የሚሸተው ሐይቅ ሐይቅ ነው። ሙሉውን ስትገዙ ዓይኑን እዩ፤ ጎላ ብሎ የጠራ ይሁን፣ የሰመጠና የደፈረሰ አይሁን። ጉንጩን ገልጣችሁ ስንጥቡን እዩ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ውሰዱ፣ ቡኒ ከሆነ ተዉት። ሆዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ቀና ይላል። ፊሌቶ ላይ ከእነዚህ አንዱንም ማየት አይቻልም። ዓይን የለው፣ ስንጥብ የለው፣ ሆድ የለው። ያለው ሎሚ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የምትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የሐዋሳ ሰው ሆኜ ይህን ማውገዝ አልችልም። ነገር ግን ሐይቃችን ዓሣ የሚበሉ ወፎች የሞሉበት ነው፣ ከወፎቹ ወደ ዓሣው የሚመላለስ ትልም አለ። ዳጣው የፈለገ ቢያቃጥል ትሉን አይገድለውም። እኔ ጥሬውን ለወጣቶች ትቻለሁ።

አሁን ወደ እሳቱ እንሂድ፤ እሾህ ፈርታችሁ ወደ ፊሌቶ እንዳትመለሱ። ቆሮሶውን በቢላዋ ጀርባ ከጅራቱ ወደ ራሱ ፋቁት። ቅርፊቱ ይፈናጠራል፤ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ብታደርጉት ግድግዳችሁ ይተርፋል። ሆዱን ቅደዱና ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ሐሞቱን ግን እንዳታፈርጡ። ስንጥቡን ንቀሉት፤ ከተተወ ሾርባውን ያመርራል። ከዚያ ግራና ቀኝ ጎኑን እስከ አጥንቱ ድረስ ትልትል አድርጉት። ትልትሉ ይቀራረብ፣ በሁለት ቁርጥ መካከል ከትንሿ ጣታችሁ ስፋት አይበልጥ። ምሥጢሩ እዚህ ነው፦ ዘይቱ በትልትሉ ዘልቆ ይገባና ጥቃቅኑን አጥንት ያደርቀዋል፤ ሲበላ አብሮ ይከሰከሳል፣ ጉሮሮ አይዝም። ትልልቁ አጥንት ደግሞ ራሱን ያሳያል።

ጨውና ሎሚ አሽታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። እርጥብ ዓሣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈነጥቃል፣ ቆዳውም መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የፉርኖ ዱቄት በስሱ ነስንሱበትና አራግፉት። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ቁንጥር ዱቄት ጣሉበት፤ ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል። አንዴ ካስገባችሁት አትነካኩት። የላዩ ሥጋ በትልትሉ መካከል ነጥቶ ሲከፈት፣ ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል። እኛ ጋ የሚሠሩ ልጆች ትዕግሥት አጥተው ሁለቴ ሦስቴ ይገለብጡታል፤ ያን ጊዜ ነው የሚሰባበረው።

ዳጣው የባለቤቴ ግዛት ነው። አረንጓዴ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ጨው በድንጋይ ትፈጫለች። ማሽን ገዝቼላት ነበር፤ ያሞቀዋል ብላ የልጅ ልጃችን ጭማቂ እንዲጨምቅበት ሰጥታዋለች። ለጥብሱ የሚሆነው ዳጣ ውሃ ያልበዛበት፣ ከዳቦ ላይ የማይፈስስ ነው።

ራሱንስ? ራሱን የጣለ ሰው የገንዘቡን ግማሽ ጥሏል። ራስና አጥንቱን በቀዝቃዛ ውሃ ጥዳችሁ ቀስ ብሎ ይፍላ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ይጎመዝዛል። አጥልሉትና በጠራው ላይ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምራችሁ አብስሉ። ከጉንጩ ላይ የምትገኘውን ሥጋ ለቅማችሁ መልሱበት፤ ከዓሣው ሁሉ የምትጥመው እሷ ናት። ሲወርድ ቃሪያ። ንጋት ላይ ከሐይቅ የተመለሰ ሰው ይህን ሾርባ ሲጠጣ ማየት ነው። ፊሌቶ ስትገዙ ግን ይህን ሁሉ ለአባ ኮዳ ከፍላችሁ ነው የምትሄዱት።

ሁለት መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። አንዱ፣ ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች ከምን ይብሉ የሚል ነው። ልጆቹ ይሥሩ፤ ሥራቸው ገዢው መርጦ ሲጨርስ በገዢው ፊት ይሁን ነው የምለው። ዓሣውን አይታችሁ፣ አስመዝናችሁ፣ ከዚያ «አውጣልኝ» በሉት፤ ራሱንና አጥንቱንም በላስቲክ አድርጎ ይስጣችሁ። ለልጁ እንደው ቢጨምርለት እንጂ የሚቀንስበት ነገር የለም። ሌላው፣ አዲስ አበባ ሙሉ ዓሣ ከየት ይመጣል የሚል ነው። ይህኛው እውነት አለው። በረዶ ይፈልጋል፣ ቦታም ይይዛል፤ ነጋዴው ፊሌቶ የሚወደው አንድ መኪና ላይ ሦስት እጥፍ ስለሚጭንበት ነው። ግን ሥጋ ቤት ውስጥ በሬውን ተሰቅሎ እያየን «ከዚህ ቁረጥልኝ» የምንል ሕዝብ ነን። ለዓሣ ሲሆን ምን አሳወረን? ቢያንስ ምግብ ቤቶች አንድ ሰፊ ትሪ ላይ የዕለቱን ዓሣ ከነራሱ በበረዶ አድርገው ያሳዩ። ደንበኛው በእጁ ይለካ።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ስለ ዓሣ ስትጽፉ የፊሌቶ ፎቶ ትታችሁ የሙሉ ቆሮሶ፣ የአምባዛና የቢልጫ ፎቶ ጎን ለጎን አውጡልን፤ ከአጠገባቸውም ማስመሪያ አስቀምጡ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ቆሮሶ እንዳይገዛ በትልቁ ጻፉበት። ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ትንሿን ስጠኝ ለምትለኝ እናትም አሳያታለሁ።

ሳልረሳው፣ በዚያው ገጽ ያወጣችሁት የዓሣ ወጥ አሠራር ዓሣው ከቁሌቱ ጋር አብሮ እንዲንተከተክ ይላል። እንደዚያ ከተሠራ ድስቱ ውስጥ ዓሣ አይገኝም፤ ይፈራርሳል። ቁሌቱና በርበሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ፣ ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዓሣው ይግባ። ማማሰያ አይነካው፤ ድስቱን በሁለት እጅ ይዞ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። እርማቱን ብታወጡት ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ዓሣ አስጋሪ፣ ከሐዋሳ